የጣና ዳር የገጠር ትምህርት ቤትና አስተማሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምጽፈው ባሕር ዳር ሆኜ ነው። የተወለድኩት ግን ከሐይቁ ዳር ባለች አንዲት የገበሬ ቀበሌ ነው። ስለ ገጠር ትምህርት ቤት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው ነገር ያው አንድ ዓይነት ነው። ሁልጊዜ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

ገጠር ውስጥ ትምህርት የተጀመረው መንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍት ነው?

ኧረ አይደለም። መንግሥት ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት እዚህ አካባቢ ፊደል ይቆጠር ነበር። ቦታው የደብሩ ግቢ ነው፣ ዛፍ ሥር። መምህሩ የኔታ ናቸው። ልጁ ፊደሉን በስንጥር እየነካ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ይጮሃል። ሲቀጥል አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ መጨረሻ ላይ ዳዊት። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም ንባብ ይባላል። ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ የኔታን ይጠራል። የዚያን ጊዜ ምረቃ በሉት።

ብዙው የገበሬ ልጅ እዚያ ላይ ያቆማል። የገፋበት ደግሞ አገር ያቋርጣል። በዚህ የእኛ አካባቢ ዕድለኛ ነው፤ ጣናን ይዞ ዙሪያውን ለሄደ ትልልቆቹ ጉባኤ ቤቶች፣ ማለትም ከፍተኛዎቹ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች፣ ሩቅ አይደሉም። ቅኔ ከተፈለገ ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ አሉ። ድጓ ለሚል ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለሚል ዙር አምባ፣ በመቋሚያ እየተወዛወዙ የሚዘምሩትን አቋቋም ለሚል ጎንደር። ቅኔ የሚጀምረው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ነው፤ አጭር ናት ብሎ የናቃት ሰው ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያስብ ያድራል።

ሰው በቀልዱ ብቻ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐናም የዚሁ ሰፈር ሰው ናቸው፣ የፎገራ። ተክሌ የሚባለው አቋቋም የእሳቸው ነው። የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ያገኙት የጣናን ማዕበልና የታንኳ ቀዛፊዎችን አይተው ነው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠራጠረውም።

የኔታ ደሞዝ ነበራቸው?

የወር ደሞዝ የለም። የቤተ ክርስቲያን መሬት ካለ ድርሻ አላቸው። ከዚያ ውጭ የሚበሉት ከአጥቢያው ነው። ወላጅ በመኸር ጊዜ እህል ይሰፍራል፤ በዓል ሲሆን ዳቦና ጠላ ይልካል። ልጆቹ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ስለዚህ የየኔታ ኑሮ ከገበሬው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። አንበጣ በገባ ዓመት የኔታም ይራባሉ።

የቆሎ ተማሪ ለምን ቤቱ አጠገብ አይማርም ነበር?

አንደኛ፣ ትልቁ መምህር ያለው ሌላ አገር ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ አጠገብ ከሆነ አይለቁትም። በሬው ጠፋ፣ አጨዳ ደረሰ፣ እናትህ ታመመች እያሉ ይጠሩታል። ስለዚህ ልጁ ሌሊት ተነስቶ ይጠፋል። ብዙ የቤተ ክህነት ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን ሲያወሩ «ጠፍቼ ሄድኩ» ብለው የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሄደበት አገር ደግሞ ዘመድ የለውም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ ይሰጡታል። እዚያች ትንሽ ጎጆው ገብቶ ያንን የተቀላቀለ የጤፍ፣ የዳጉሳ፣ የበቆሎ ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። እኔ ትንሽ ሆኜ እናቴ ከምጣዱ የመጀመሪያውን እንጀራ ለይታ የምታስቀምጠው ለእነሱ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ያ አገር ሙሉ ነፃ የተማሪ ቀለብ ነበር፤ በጀቱን የያዙት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

ሙስሊሞችና ወይጦዎችስ?

ሙስሊሙ ልጁን የሚያስተምረው ቁርአን ቤት ነው። እዚያም ያው ነው፤ ሼኹ፣ የእንጨቱ ሉህ፣ ጮክ ብሎ መቅራት። ጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ግን ለረጅም ጊዜ ከሁሉም ተገልለው ነው የኖሩት። ጎረቤቱ አብሯቸው አይበላም ነበር። አብረውት የማይበሉት ልጅ አጠገብ ደግሞ ማንም ልጁን አያስቀምጥም። የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ውለታ ካለው የእነሱንም ልጅ ከሌላው ጋር እኩል ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ቀን አልሆነም።

አስኳላ መቼ መጣ?

አገሪቱ ውስጥ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንጅ 1908 አዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ለጣና ዳር ገበሬ ይሄ የጨረቃ ወሬ ነው። ከዚያ ጣሊያን ገባና ከ1928 እስከ 1933 የነበረውም ተዘጋ፤ የተማረውም ሰው እየተለየ ተገደለ። ወደ ገጠር ትንሽ ትንሽ መውረድ የጀመረው ከነፃነት በኋላ ነው። ለዚያም መጀመሪያ የአውራጃና የወረዳ ከተሞች ናቸው የደረሳቸው። ባሕር ዳር ራሷ ያን ጊዜ ትንሽ መንደር ናት፤ የጎጃም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከገበሬው። በ1940 የትምህርት ግብር የሚባል በመሬት ላይ ተጣለ። ልጁ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ለትምህርት ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ የሚማረው ደግሞ ባብዛኛው የከተማ ልጅ። ይሄን ነገር አያቴ እስኪሞት ድረስ አልረሳትም።

ገበሬው ልጁን አስኳላ መላክ የጠላው ለምንድን ነው? አላዋቂ ስለሆነ?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከብት ጠብቆ አያውቅም። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሠራተኛ ነው። ጥጃ ይጠብቃል፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ ላምና በሬ፤ ጉልበቱ ሲጠና እርፍ ይጨብጣል። እሱን ከቤት ማውጣት ማለት አንድ ሰው መቅጠር ማለት ነው። ከየት አምጥቶ?

ሌላው ፍርሃት ሃይማኖት ነው። አስኳላ የገባ ልጅ ጾም ይሽራል፣ ሃይማኖቱን ይለውጣል ይባል ነበር። በዚያ ላይ መንግሥት ራሱ አይታመንም። በወረቀት የመጣ ነገር ሁሉ መጨረሻው ግብር ነው። በ1960 ጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን አልቀበልም ብሎ ያመፀው መሬቴን ለክተው ሊወስዱብኝ ነው ብሎ በመስጋት ጭምር ነው። እንደዚህ ባለ አገር የልጅ ስም መዝግቡ ብሎ የመጣን ሰው በጥርጣሬ ማየት ሞኝነት አይመስለኝም።

እና ምን ያደርጋል? ይደራደራል። አንዱን ልጅ ይልካል፣ ሌሎቹን ያስቀራል። ብዙ ጊዜ የሚላከው ጉልበት የሌለው ወይም እረኝነት የማይሆንለት ነው። እኛ ቤት የተላከው አጎቴ ነው። ከልጅነቱ አንድ እግሩን ያመው ስለነበር «ለበሬ አይሆንም፣ ለወረቀት ይሁን» ተባለ። እሱ ኋላ አስተማሪ ሆነና የቀሩትን ወንድሞቹን ልጆች ሁሉ በተራ እየጎተተ አስገባ። እኔ ከእነሱ አንዱ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ የገጠር አስተማሪዎች እነማን ነበሩ?

የተገኘው ሁሉ። አማርኛና ግብረ ገብ የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ ከቅኔ ቤት የመጡ ቄሶችና ደብተራዎች ናቸው። ሂሳብና እንግሊዝኛ ደግሞ 8ኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ይይዛል። 8ኛ የጨረሰ ሰው ያን ጊዜ ቀላል ሰው አይደለም። ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ልጆች መጡ፤ እነሱ ግን ባብዛኛው ከተማ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ነው ያስተማሩት። ትንሽ ቆይቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ የማገልገል ግዴታ መጣበት፤ ከእነሱ ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ወጡ። በገጠሩ ኑሮ ከገጠሬው በላይ የተናደዱት እነዚህ ልጆች ናቸው። ከተመለሱ በኋላ «መሬት ላራሹ» ሲሉ ያዩትን ነው የሚያወሩት።

በደርግ ጊዜ 12ኛ ጨርሶ የመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ዓመት የተማረ ነበር መደበኛው። ሳይሠለጥን የሚገባም ነበር፣ «ድጎማ» ይሉታል። ከዚያ 10+1፣ ማለትም 10ኛ ጨርሶ አንድ ዓመት መሠልጠን፣ መጣ፣ 10+3 መጣ፣ ዲፕሎማ፣ አሁን ዲግሪ። አንድ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ክረምት ክረምት ሲማር ነው ያሳለፈው።

ባሕር ዳር የአስተማሪ ከተማ የሆነችው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ፋብሪካ ነው የመጣው። ጨርቃ ጨርቁ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ። በፈረንጅ 1972 ደግሞ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቋመ። የዚህ ሥራው አስተማሪ ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን አስተማሪ የሚያሠለጥነውን ሰው ማሠልጠን ነበር፤ የጎልማሶች ትምህርትም አብሮ ነበረበት። ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ። በ1992 ሁለቱ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የባሕር ዳር ሰው ግን እስካሁን «ፔዳ» እና «ፖሊ» ነው የሚለው። ባጃጅ ውስጥ «ዩኒቨርሲቲ» ብትሉ «የቱ?» ትባላላችሁ።

እድገት በኅብረትና መሠረተ ትምህርት አንድ ናቸው?

ሁለቱም የደርግ ጊዜ ዘመቻዎች ስለሆኑ ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ ያደባልቋቸዋል። አይደሉም።

እድገት በኅብረት የተጀመረው ታኅሣሥ 1967 ነው። የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና አስተማሪዎቻቸው ተሰብስበው፣ ወደ 60,000 የሚሆኑ፣ ወደ ገጠር ተላኩ። የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲወጣ እዚያው ነበሩ፤ የገበሬ ማኅበር ያደራጁት እነሱ ናቸው። ማስተማሩ ከሥራው አንዱ ነበር እንጂ ዋናው አልነበረም።

መሠረተ ትምህርት የመጣው በ1971 ሐምሌ ነው። ይሄኛው ዓላማው ጥርት ያለ ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስላት። እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋ ተሰጠ። ዩኔስኮ ሸልሞበታል። ቀኑን አርሶ የዋለ ሰው ማታ በኩራዝ ይማራል።

አባቴ የተማረው ያኔ ነው። ለሠላሳ ትንሽ ፈሪ ነበር። የሚነግረን ሁልጊዜ ስለ እርሳሱ ነው። እርፍ የለመደ እጅ ነው፤ እርሳሱንም እንደ እርፍ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሲጭነው ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ጫፉ ይሰበራል። የሚያስተምረው ከከተማ የመጣ ጎረምሳ ነው። አባቴ አንድ ማታ ሦስት ጊዜ ሰብሮ አራተኛውን ሲለምነው ልጁ «አባባ፣ መሬቱን አይደለም እኮ የሚያርሱት» አለው። እስከ ዛሬ ይስቃል በዚህ። ግን ጻፈ። ከዚያ በፊት ቀበሌ ሲሄድ በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። አሁን ስሙን ሙሉ ይጽፋል፣ እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ፣ እንደ ድንጋይ ካብ እየደረደረ። ወረፋ የያዘው ሰው ይቆጣል። እሱ አይቸኩልም።

ሁሉም በፈቃዱ ነበር ወይ ካላችሁ አልነበረም። የቀረውን ቀበሌው ይቀጣ ነበር። ሴቶች ደግሞ ልጅ አዝለው፣ ቤት ያለውን እሳት እያሰቡ ነው የሚቀመጡት። የተማረውም ብዙው የሚያነበው ነገር ስላጣ ረሳው። እነዚህን ሳይጠቅሱ ዘመቻውን ማሞገስ አይጥመኝም። መጥፎ ነበር የሚለኝ ሰው ግን መጀመሪያ አባቴ ሲፈርም ይይ።

የትምህርት ቤቱን ቤት ማን ሠራው?

ሕዝቡ። የበር ላይ ታፔላው ምንም ይበል። በንጉሡ ጊዜ ስዊድኖች በገንዘብም በፕላንም እየረዱ ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠርቷል፤ ያኔም ሕዝቡ ድርሻውን ያዋጣ ነበር። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ነው። አሁን ደግሞ አልማ፣ የአማራ ልማት ማኅበር፣ አለ፣ ወረዳው አለ። የቤቱ አሠራር ግን በየዘመኑ ያው ነው፤ መጀመሪያ ዳስ ይጣላል። ያ ዓመት ከተሻገረ ግድግዳው በባሕር ዛፍ ይማገራል፣ ጭቃ ይመረጋል። ጭቃውን ወንዶቹ በእግራቸው ያቦካሉ፣ ጭዱንና ውሃውን ሴቶቹ ያመጣሉ። ቆርቆሮው በመዋጮ ይገዛል። ጣሪያው ሲያልቅ ግብዣ አለ።

ወንበር የለም። እኛ የተማርነው መደብ ላይ ነው፤ እንደ ደረጃ የተሠራ የጭቃ መቀመጫ። ክረምት ገብቶ ሲወጣ ይረጥባል፣ በጋ ቁንጫ ያፈላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆች ተራ ገብተው በእበት ይለቀልቁት ነበር። እበቱ ሳይደርቅ ሰኞ የተቀመጠ ልጅ ሱሪው ላይ ማኅተም ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፤ የትኛው ረድፍ እንደተቀመጠ እናቱ ታውቃለች።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍም የራሱ ታሪክ አለው። ሲደርስ ተሸጦ ጠመኔ፣ ቁልፍ፣ ቆርቆሮ ይገዛበታል። እና ያኔ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ ጠብ ይነሳል። ስንት ተሸጠ? የት ገባ? ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት አንደኛው ምክንያት ያ ባሕር ዛፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

እረኝነቱንና ትምህርቱን እንዴት አብረው አስኬዱት?

በፈረቃ። ከተማ ላይ ሰው ፈረቃን የክፍል እጥረት አድርጎ ነው የሚያየው። ለእኛ ግን ሳይታሰብ የመጣ መድኃኒት ነበር። ወንድሜ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። እሱ ሲለቀቅ እኔ ከብቶቹን ይዤ መንገዱ ዳር ካለችው ዋርካ ሥር እጠብቀዋለሁ። በትሩን እሰጠዋለሁ፣ እስክርቢቶውን ይሰጠኛል። አንድ ነበረች። ቀለሟ ያለቀች ቀን ማን ጨረሳት በሚል እዚያው ዋርካ ሥር ተደባድበን ከብቶቹ የሰው ሽምብራ ገቡ። ካሣ ተከፈለ። የእስክርቢቶ ዋጋ ከዚያ በኋላ ገባን።

ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ክፍሉ ይራቆታል፤ አጨዳ ነው። መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ወባ አለ። ይሄን የሚያውቅ አስተማሪ ከባዱን ትምህርት ለጥር ያቆየዋል። የማያውቀው ፈተና ሰጥቶ ሁሉንም ይጥላል።

አስተማሪው የት ነበር የሚኖረው?

ገበሬው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ። ከአልጋው አጠገብ የባለቤቱ ጎታ ቆሟል፤ ሌሊት አይጥ ይንኮሻኮሻል። ደሞዝ ሲደርስ ወረዳው ድረስ በእግር ይኬዳል። ሁለት ቀን ክፍል የለም ማለት ነው፤ ልጆቹ ስለሚያውቁት የወሩን መጨረሻ እንደ በዓል ይጠብቁታል። ደሞዙ ከዘገየ የሱቁ ዱቤ ይረዝማል። ደቅ ደሴት የተመደበማ ሌላ ነው። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ጠዋት ያልተነሳ ሰው ያድራል። ዕጣ ሲወጣ ደቅ የደረሰው አዲስ ተመራቂ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዝውውር ሲሰጠው ደግሞ አለቀሰ።

አስተማሪው ሥራው ማስተማር ብቻ አይደለም። ማመልከቻ ይጽፋል። ከልጅ የመጣ ደብዳቤ ያነባል፤ ክፉ ወሬ ካለው እንዴት እንደሚያነበው እሱ ያውቃል። ቆጠራ ሲመጣ ቆጣሪ፣ ምርጫ ሲመጣ ጸሐፊ፣ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ መዝጋቢ ነው። እናቶች «ጋሼ» ብለው እንቁላል ይልኩለታል። አያቴ የትምህርት ቤቱን አስተማሪ እንኳ የኔታ ነበር የሚለው፤ ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ይሽኮረመማል።

ክብሩ አሁንም አለ?

ቀንሷል። ኑሮው ተወዷል፣ ደሞዙ አልደረሰበትም። ዛሬ አከራዩ ገበሬ ባሕር ዛፍና ጫት ሸጦ ከአስተማሪው የተሻለ ይኖራል። ልጁም ያያል። «ተምረህ እንደ ጋሼ ልትሆን ነው?» የምትለዋን ቀልድ እኔ ልጅ ሳለሁ አልነበረችም።

ይገርፉ ነበር?

አዎ። የኔታም፣ አስኳላውም። አሁን ክልክል ነው። አንድ አስተማሪ የማባዣ ሰንጠረዥ ስቼ ጣቴን በማስመሪያ ጠርዝ የመታኝ እስካሁን ብርድ ሲሆን ትሰማኛለች። 7 በ8ን ግን አልረሳሁም፤ ሰው ይሄን እንደ ማስረጃ ሲጠቅስ ግን አልወድም። ብዙ ልጅ በዚያች ማስመሪያ ምክንያት አቋርጦ ቀርቷል፤ እነሱ አሁን ይሄን ጽሑፍ አያነቡትም።

ሴት ልጆችስ?

ዘግይተው ነው የገቡት። የቤት ሥራው፣ የመንገዱ ፍርሃት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጋብቻው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ገጠር ላይ ግን ልጅቱ 4ኛ ክፍል ሳለች ቃል የሚታሰርበት ጊዜ ነበር፣ አሁንም አልጠፋም። ከእኔ ጋር 1ኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች 8ኛ የደረሰችው አንዲት ናት። እሷን ያተረፋት የክፍል ኃላፊያችን የነበረ አስተማሪ ነው። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሽማግሌ ሰብስቦ አባቷ ቤት ገባ፤ ክስ ምናምን አላለም፣ «ሚኒስትሪ ትፈተንና ከዚያ ይዳሯት» ብሎ ለመነ። አባትየው የሚኒስትሪ ፈተና ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ግን የመንግሥት ነገር መሰላቸውና ፈሩ። ዛሬ እሷ ራሷ አስተማሪ ናት።

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጊዜ ምን ተለወጠ?

አንደኛ ደረጃ 1–4 እና 5–8 ተብሎ ተከፈለ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መጣ፣ ጎረቤታችን አዊ ላይ በአዊኛ ተጀመረ። ትምህርት ቤቶች በዙ። ሩቅ ለሆነ ጎጥ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባል ተከፈተ፣ አራቱን ክፍል በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ፤ የሚያስተምረውም «አመቻች» ይባላል እንጂ መምህር አይባልም። ትንሽ ልጅ ሰዓት ሙሉ መሄድ ቀረለት። ጥራቱ ግን ከብዛቱ ኋላ ቀረ። ቆርቆሮው ደርሶ መጽሐፉ ያልደረሰበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ የባለተራዋ ቤት ማታ ማታ ሁላችን እንሰበሰባለን።

8ኛን ከጨረሱ በኋላስ?

ከተማ ነው። ወይ ባሕር ዳር፣ ወይ ወረታ፣ ወይ መራዊ፣ እንደየቅርበቱ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ወደ ገጠር፣ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ። እስከ ረቡዕ እንጀራው ደህና ነው። ሐሙስ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ይወጣል፤ ያንን እየቆረጡ የቀረውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ማድረግ ነው። ዓርብ ጠዋት ቆሎ ተቆርጥሞ ክፍል ይገባል፤ እኛ ራሳችንን «የቆሎ ተማሪ» እያልን እንቀልድ ነበር። ልዩነቱ ደበሎ አለመልበሳችንና ቁራሹ ከእናታችን ቤት መምጣቱ ብቻ ነው።

አሁን እንዴት ነው?

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ጦርነት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሕንፃው የፈረሰ አለ፣ አስተማሪው የሸሸ አለ፣ ክፍት ሆኖ ልጅ የማይመጣበት አለ። እኛ ቀበሌ የየኔታ ዛፍ ሥር እንደገና ልጅ በዝቷል ብለውኛል። ወላጅ ልጁ ፊደል እንኳ ሳይለይ እንዳይቀርበት ነው።

የሰፈሬን ትምህርት ቤት ታሪክ ማወቅ ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጀምሩ። የድሮ የተማሪ መዝገብ ካለ ለምኑና እዩት፤ ቁም ሳጥን ሥር ወይም ዕቃ ቤት ተጥሎ ነው የሚገኘው። ምስጥ ሳይበላው ፎቶ አንሱት። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ሥራ፣ ያቋረጠበት ምክንያት ሁሉ አለበት። ቀጥሎ የወመህ ቃለ ጉባኤ ካለ እሱን። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂዱ። «ትምህርት ቤቱ መቼ ተከፈተ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ዓመት አያስታውሱም። «ማገሩን ማን ቆረጠ? መሬቱን የሰጠው ማን ነው? ቆርቆሮውን ማን ተሸክሞ አመጣው?» በሉ። ያኔ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አይጨርሱላችሁም። ሴቶቹንም ጠይቁ፤ ጭቃው የቦካበትን ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደቀዱት ይነግሯችኋል፣ ስንት እንስራ እንደሆነም ጭምር። እኔ መዝገቡን ያገኘሁ ዕለት የአጎቴ ስም ፊት ለፊት «እግሩ ደካማ፣ ትጉህ» የሚል በቀይ እስክርቢቶ ተጽፎ አየሁ።